ከማሽኑ የራቀው ክፍል ለምን አይቀዘቅዝም? ስለ ቤት የአየር ቱቦዎች ጥያቄና ምላሽ

ጠያቂ፦

ጤና ይስጥልኝ። በቤታችን ማቀዝቀዣውም ማሞቂያውም አንድ ማዕከላዊ ማሽን ሲሆን፣ አየሩ ከኮርኒሱ በላይ ባለው ባዶ ቦታ በተዘረጉ ቱቦዎች ወደ ክፍሎቹ ይደርሳል። ለማሽኑ ቅርብ የሆኑት ሳሎንና ኮሪደር በፍጥነት ሲቀዘቅዙ፣ በመጨረሻው ጥግ ያለው መኝታ ክፍል ግን ማሽኑ ሳያቋርጥ እየሠራም እንኳ ይሞቃል፤ ማታ በሩ ሲዘጋ ደግሞ ይብስበታል። ከዚህ በተጨማሪ አየሩን ወደ ማሽኑ የሚመልሰው ትልቁ ግሪል (ፍርግርግ ክዳን) ያፏጫል፤ ማጣሪያውን በየጊዜው ብቀይርም በየክፍሉ ደቃቅ አቧራ ቶሎ ቶሎ ይከማቻል። ማሽኑ 10.5 ኪሎዋት የማቀዝቀዝ አቅም እንዳለው በላዩ ላይ ተጽፏል፤ የመመለሻው ግሪል አንድ ብቻ ሲሆን ስለካው 50 በ40 ሳንቲሜትር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አንድ ባለሙያ መጥቶ ከተመለከተ በኋላ ማሽኑ ለቤቱ ስለሚያንስ በትልቅ መተካት እንዳለበት ነገረን። እስከዚያው ድረስም የማንጠቀምባቸውን ክፍሎች የአየር መውጫዎች ብንዘጋ አየሩ ወደ ሞቃቱ ክፍል እንደሚገፋ መከረን። ይሁን እንጂ ወደ ኮርኒሱ አልወጣም፤ የመለኪያ መሣሪያም አልተጠቀመም። ትልቅ ወጪ ከማውጣቴ በፊት ነገሩን በትክክል መረዳት እፈልጋለሁ። አየሩ በእነዚህ ቱቦዎች ውስጥ የሚጓዘው እንዴት ነው? ችግሩ ከቱቦዎቹ ሊሆን ይችላልን? ከሆነስ እኔ ራሴ ልሠራው የምችለውና ለባለሙያ ልተወው የሚገባኝ የትኛው ነው?

የመጀመሪያ ምላሽ፣ ከአንድ የሜካኒካል መሐንዲስ፦

ጥያቄዎን በልክና በዝርዝር ስላቀረቡ ለማስረዳት አመቺ ሆኖልኛል። የጠቀሷቸው ምልክቶች፣ ማለትም የሩቁ ክፍል መሞቅ፣ በሩ ሲዘጋ መባባሱ፣ የግሪሉ ፉጨትና የአቧራው ብዛት፣ አራቱም ከማሽኑ አቅም ይልቅ ወደ ቱቦዎቹ የሚያመለክቱ ናቸው። ስለዚህ ማሽን ስለ መቀየር ለጊዜው እንዳያስቡ እለምናለሁ።

የቤት የአየር ሥርዓት ዞሮ የሚገጥም ዑደት ነው። ፋኑ ከክፍሎቹ አየር ይስባል፤ አየሩ በመመለሻው ግሪልና ቱቦ አልፎ ማጣሪያውን ይሻገራል፤ በማሽኑ ውስጥ ከቀዘቀዘ ወይም ከሞቀ በኋላ ፕሌነም ወደሚባለው፣ ከማሽኑ አፍ ጋር ወደተያያዘው ሣጥን ይገባል፤ ከዚያም በዋናው ቱቦና በቅርንጫፎቹ በኩል ለየክፍሉ ይከፋፈላል። ወደ ክፍል የተላከው አየር ሁሉ ተመልሶ ማሽኑ ውስጥ መግባት አለበት። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለሚወጣው አየር ብቻ ነው፤ ነገር ግን መመለሻ የሌለው ክፍል አየር አይቀበልም። ወደዚያ ክፍል አየር ለመግፋት መሞከር አፉን በከንፈር ገጥመው በያዙት ጠርሙስ ውስጥ እፍ እንደማለት ነው።

በሩ ሲዘጋ የሚሆነውን በቁጥር እንመልከተው። ለአንድ መካከለኛ መኝታ ክፍል በሰከንድ 47 ሊትር፣ በሰዓት ደግሞ 170 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይላካል እንበል። በተዘጋ በር ሳቢያ በክፍሉና በኮሪደሩ መካከል የሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ከ3 ፓስካል እንዳይበልጥ ይመከራል። ወርዱ 80 ሳንቲሜትር የሆነ በር ከወለሉ 1 ሳንቲሜትር ከፍ ቢል በሥሩ ያለው ክፍተት 80 ሳንቲሜትር ካሬ ነው፤ በዚህ ክፍተትና በ3 ፓስካል ልዩነት ሊያልፍ የሚችለው ደግሞ በሰከንድ ከ11 ሊትር ያልበለጠ ነው። ሁሉም እንዲያልፍ ከተፈለገ 350 ሳንቲሜትር ካሬ የሚያህል መተላለፊያ ያስፈልጋል። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ክፍሉ ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፤ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ይቀንሳል፤ የገባውም በመስኮትና በግድግዳ ስንጥቆች ወደ ውጭ ይገፋል። በዚያው ጊዜ የመመለሻው ግሪል ያለበት ኮሪደር የአየር እጥረት ይገጥመውና የጎደለውን ከውጭ፣ ከኮርኒስ በላይና ከየቀዳዳው ይስባል። አቧራው ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።

የፉጨቱን ምክንያትም ከሰጡን ልኬት መረዳት ይቻላል። እያንዳንዱ 3.5 ኪሎዋት የማቀዝቀዝ አቅም በሰከንድ 190 ሊትር ገደማ አየር ይፈልጋል፤ ስለዚህ የእርስዎ ማሽን በሰከንድ 570 ሊትር ያህል ማዞር ይኖርበታል። ይህ ሁሉ አየር 0.2 ሜትር ካሬ በሆነ አንድ ግሪል ሲገባ የግሪሉ ፊት ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው ብንል እንኳ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.85 ሜትር ይሆናል፤ ክንፎቹ የሚይዙት ቦታ ሲቀነስ ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል። በመኖሪያ ቤት የመመለሻ ግሪል ፊት ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ2.5 ሜትር እንዳያልፍ ይመከራል፤ እኔ ወደ 2 የተጠጋውን እመርጣለሁ። የእርስዎ ማሽን በጠባብ አፍንጫ የሚተነፍስ ማሽን ነው።

አሁን የተሰጣችሁን ምክር እንመርምር። የአየር መውጫ መዝጋት ማሽኑ የሚሠራውን ሥራ አይቀንስም፤ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለውን ግፊት ይጨምራል እንጂ። ግፊቱ ሲጨምር በመገጣጠሚያዎች የሚያፈሰው አየር ይበዛል። የፋኑ ሞተር የድሮው ዓይነት ከሆነ የሚያዞረው አየር ይቀንሳል፤ አዲሱና ፍጥነቱን ራሱ የሚያስተካክለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ያንኑ አየር ለማዞር ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። አየሩ በጣም ሲያንስ የማቀዝቀዣው ጥቅል (በማሽኑ ውስጥ አየሩን የሚያቀዘቅዘው የቱቦ ጥምዝ) በረዶ እስከ መሥራት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የዘጋችኋቸው መውጫዎች ካሉ ዛሬውኑ ይከፈቱ።

ትልቅ ማሽን በእነዚሁ ቱቦዎች ላይ ቢተከልም ችግሩ ይብሳል። የበለጠ አየር በዚያው ጠባብ መንገድ ለማሳለፍ ይታገላል፤ ጩኸቱ ይጨምራል፤ ብክነቱም አብሮ ያድጋል። ቅርብ ያሉትን ክፍሎች በአጭር ጊዜ አቀዝቅዞ ስለሚጠፋም ሩቁ ክፍል ተራው ሳይደርሰው ይቀራል፤ የአየሩ እርጥበትም በበቂ ሁኔታ አይወጣም።

ሁለተኛ ምላሽ፣ የዳክት (የአየር ቱቦ) ሥራ ከሚሠራ ባለሙያ፦

መሐንዲሱ በተናገሩት እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ኮርኒስ ላይ ሲወጡ ምን እንደሚፈልጉና ያገኙትን እንዴት እንደሚያስተካክሉ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ማፍሰስ ልናገር። የአሜሪካ መንግሥት የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም የሆነው ኢነርጂ ስታር እንደሚገልጸው፣ በአንድ መደበኛ ቤት ቱቦዎች ውስጥ ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በቀዳዳዎች፣ በስንጥቆችና በአግባቡ ባልተገጠሙ መገናኛዎች ይጠፋል። በሥራዬ ካየሁት አንጻር ይህ የተጋነነ አይደለም። ፀሐይ በቀጥታ በሚያገኘው ጣሪያ ሥር ያለው አየር 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ከማሽኑ የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር ደግሞ 14 ዲግሪ አካባቢ ነው። በግድግዳው ውስጥና ውጭ ያለው ልዩነት አሥር ዲግሪ በሚሆንበት ቀን በቱቦው ውስጥና ውጭ ያለው ከሠላሳ አምስት ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። በቤቱ ሁሉ ውስጥ ጥሩ የሙቀት መከላከያ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው አካል ቱቦው ሆኖ ሳለ፣ ብዙውን ጊዜ ከግድግዳው ያነሰ ልባስ የሚደረግለት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ፍለጋውን ከማሽኑ ይጀምሩ። ግፊቱ ከሁሉ የሚበረታው በፋኑ አጠገብ ስለሆነ፣ እዚያ ያለች ትንሽ ስንጥቅ በቱቦው ጫፍ ካለች ትልቅ ቀዳዳ የበለጠ ታባክናለች። ፋኑን አብርተው የፕሌነሙን ጠርዞች፣ ቅርንጫፎቹ ከዋናው ቱቦ የሚነሡበትን ቦታና የላሜራውን መገጣጠሚያዎች እርጥብ በሆነ እጅ ይዳስሱ፤ ወይም ቀጭን ጭስ የሚሰጥ ነገር አቅርበው ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ። ወደ ክፍሎቹ በሚሄደው ቱቦ ላይ ጭሱ ይገፋል፤ በመመለሻው ላይ ደግሞ ወደ ውስጥ ይሳባል። የመመለሻውን ቀዳዳ አቅልለው አይዩት። በማጣሪያውና በፋኑ መካከል ያለ ቀዳዳ ከኮርኒስ በላይ ያለውን አቧራ ሳይጣራ ስቦ በቀጥታ ወደ መኝታ ክፍልዎ ይልከዋል፤ ማጣሪያውን የቱንም ያህል ቢቀያይሩ ይህን አያስቆመውም።

ቀዳዳውን በምን እንደሚደፍኑት ደግሞ እጅግ አስፈላጊ ነገር ነው። ከጨርቅ የተሠራውና በተለምዶ የዳክት ቴፕ የሚባለው ግራጫ ቴፕ ለዳክት አይሆንም። በአሜሪካ የሚገኘው የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የተለያዩ የማሸጊያ ዓይነቶችን በሙቀትና በግፊት ፈትነው በ1998 ባወጡት ውጤት፣ በአስተማማኝ ሁኔታ የተበላሸው ይኸው በጨርቅ ላይ የጎማ ሙጫ የተቀባው ቴፕ እንደሆነ አሳይተዋል። ሙጫው ይደርቃል፤ ጨርቁም ይላቀቃል። ትክክለኛው ነገር ማስቲክ ነው፤ ይህም በብሩሽ ወይም በጓንት የሚቀባ ወፍራም ማሸጊያ ሲሆን ከደረቀ በኋላም እንደ ጎማ ይለጠጣል። ስንጥቁ ከ6 ሚሊሜትር የሚሰፋ ከሆነ በመጀመሪያ የፋይበርግላስ መረብ ይለጠፍበትና ማስቲኩ በላዩ ይቀባል። ማስቲክ ለማይመችበት ቦታ ዩኤል 181 የሚል (ለአየር ቱቦዎች የወጣ የደኅንነት ደረጃ) ምልክት ያለበት የአሉሚኒየም ቴፕ ይሠራል፤ ነገር ግን ላሜራው ከአቧራና ከቅባት በደንብ ካልጸዳ እርሱም አይይዝም። ከማሸግዎ በፊት ቱቦዎቹ እርስ በርስ በብሎን መታሰር አለባቸው፤ ማስቲክ አየር ያግዳል እንጂ ቱቦ አይሸከምም። ማጣሪያው የሚወጣበትን ክዳንና ለጥገና የሚከፈቱ በሮችን ግን በማስቲክ እንዳይዘጉ አደራ እላለሁ፤ ለእነርሱ የሚላቀቅ ቴፕ ይበቃል።

ሌላው ተጣጣፊው ቱቦ ነው። በሽቦ ጥቅል ላይ የተለበሰ ፕላስቲክ፣ በላዩ ደግሞ ሱፍ የመሰለ የሙቀት መከላከያ ያለው ይህ ቱቦ መጥፎ ነገር አይደለም፤ መጥፎው አገጣጠሙ ነው። ብዙ ሠራተኛ የተረፈውን ርዝመት ከመቁረጥ ይልቅ አጠራቅሞና አጣምሞ ይተወዋል። ያልተወጠረ ተጣጣፊ ቱቦ በውስጡ ስለሚጨማደድ ለአየሩ የሚፈጥረው መሰናክል በደንብ ከተወጠረው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ይወጥሩት፤ ትርፉን ይቁረጡት፤ በየ1.2 ሜትሩ ገደማ ወርዱ ከ4 ሳንቲሜትር በማያንስ ማንጠልጠያ ይደግፉት። በቀጭን ሽቦ ወይም በገመድ የተንጠለጠለ ከሆነ ይታነቃል። የሚታጠፍበት ቦታ ቢያንስ የራሱን ዲያሜትር ያህል ዙር ይኑረው፤ በተለይ ከኮርኒሱ መውጫ በላይ ተሰብሮ እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

የሙቀት መከላከያውን መጨረሻ ላይ ያድርሱት። ሳያሽጉ መከላከያ መጠቅለል ቀዳዳውን ከዓይን ይሰውራል እንጂ አይደፍነውም። የውጨኛው ሽፋን ከተቀደደ እርጥብ አየር ወደ ቀዝቃዛው ቱቦ ደርሶ ውሃ ይቋጥራል፤ በኮርኒስ ላይ የሚታየውና ብዙዎች የጣሪያ ማፍሰስ ነው የሚሉት ቢጫ እድፍ አንዳንዴ የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ጠያቂ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በነገራችሁኝ መሠረት ወደ ኮርኒሱ ወጥቼ ተመለከትሁ። ወደ ሩቁ መኝታ ክፍል የሚሄደው ተጣጣፊ ቱቦ በእንጨቱ ላይ ዞሮ ተጥሏል፤ በአንድ ቦታ ላይም በሌላ ዕቃ ተጨፍልቋል። በፕሌነሙ ዙሪያ የነበረው ግራጫ ቴፕ ተላቆ ተንጠልጥሏል። የመመለሻው ሣጥን አንደኛው ጠርዝ ጣት ያስገባል። የክፍሉን በር ዘግቼ በሥሩ ለስላሳ ወረቀት ሳስቀምጥ ወረቀቱ ወደ ኮሪደሩ ተገፍቶ ተንቀጠቀጠ።

ሦስት ነገሮች ግልጽ አልሆኑልኝም። አየሩ ከሩቁ ክፍል እንዲመለስ ማድረግ የሚሻለው በሩን ከሥሩ በመቁረጥ ነው ወይስ በሌላ መንገድ? የክፍሉ ቱቦ ዲያሜትር 15 ሳንቲሜትር ሲሆን ቢሰፋ ጥቅም አለው? አቧራውን ለማስወገድስ ቱቦዎቹን በባለሙያ ማሳጠብ ወይም በጣም ጥብቅ ማጣሪያ መግዛት ይረዳኛል?

ሦስተኛ ምላሽ፣ በቤት ውስጥ አየር ጥራት ላይ ከሚሠራ ሰው፦

ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ቱቦ ማጽዳትን በሚመለከት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ያለው አቋም ግልጽ ነው፤ ቱቦ ማጽዳት የጤና ችግርን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም፣ በየጊዜው በልማድ እንዲደረግም አይመክርም። ማጽዳት የሚገባው በቱቦው ውስጥ በዓይን የሚታይ ብዙ ሻጋታ ሲኖር፣ አይጥ ወይም ነፍሳት ሲገኙበት፣ ወይም አቧራው ቱቦውን እስከ መድፈን ደርሶ ከመውጫዎቹ ሲረጭ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢገኝ እንኳ ምክንያቱ ሳይወገድ ቢታጠብ ተመልሶ ይመጣል። ጣት የሚያስገባው የመመለሻ ሣጥን ሳይደፈን ማጽዳት ገንዘብ ማባከን ነው። የተጠራቀመ እርጥበት ካለም መጀመሪያ እርሱ ይወገድ።

ስለ ማጣሪያው፣ ጥብቅነቱ የሚለካው መርቭ በሚባል ደረጃ ነው። መርቭ 8 የሆነ ማጣሪያ ከ3 እስከ 10 ማይክሮሜትር ከሚሆኑት ቅንጣቶች ቢያንስ 70 በመቶውን ይይዛል፤ መርቭ 13 ደግሞ ከ0.3 እስከ 1 ማይክሮሜትር ካሉት እጅግ ደቃቆች ቢያንስ ግማሹን ይይዛል። ከፍተኛው በእርግጥ ለሳንባ ይጠቅማል፤ በተለይ ጭስ በሚበዛበት ጊዜ ወይም አስም ያለበት ሰው በቤት ካለ እኔ ራሴ አጥብቄ እመክረዋለሁ። ነገር ግን ባለ 2.5 ሳንቲሜትር ቀጭንና ጥብቅ ማጣሪያ በእርስዎ ጠባብ ግሪል ላይ ቢገጠም ማሽኑን ይበልጥ ያፍነዋል። መፍትሔው የማጣሪያውን ስፋት ወይም ውፍረት መጨመር ነው። ባለ 10 ሳንቲሜትር ማጣሪያ ብዙ እጥፋት ስለሚይዝ አየሩ የሚያልፍበት ገጽ ይሰፋል፤ ስለዚህ በተመሳሳይ ጥብቅነት ግፊቱን ያን ያህል አይቀንስም። ማጣሪያው በማረፊያው ላይ በሚገባ መግጠሙንም ያረጋግጡ፤ በጠርዙ የሚያልፍ አየር ያልተጣራ አየር ነው።

ከአቧራ የሚበልጥ አንድ ነገር ላንሣ። በቤትዎ ውስጥ በጋዝ ወይም በሌላ ነዳጅ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ፣ ምድጃ ወይም የመኪና ማቆሚያ ክፍል ካለ፣ የመመለሻ ቱቦ የሚስበው አየር ከዚያ እንዳይሆን በጣም ይጠንቀቁ። ኮሪደሩ ግፊት ሲያጣ የማሞቂያው ጭስ በጭስ ማውጫው ከመውጣት ይልቅ ወደ ቤት ተመልሶ ሊሳብ ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። በመኝታ ክፍሎች አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሳይኖር በቱቦዎቹ ላይ ለውጥ አያድርጉ። ቱቦዎቹ ከታሸጉ በኋላም የቤቱ የግፊት ሚዛን ስለሚለወጥ፣ ነዳጅ የሚያቃጥሉት ዕቃዎች ጭሳቸውን በትክክል ማስወጣታቸውን ባለሙያ እንዲፈትሽ ያድርጉ።

የዳክት ባለሙያው በድጋሚ፦

በሩን ስለ መቁረጥ፣ መሐንዲሱ ባስቀመጡት ስሌት 350 ሳንቲሜትር ካሬ ለማግኘት በሩ ከ4 ሳንቲሜትር በላይ ከወለሉ መነሣት አለበት። ይህ ድምፅና ብርሃን ያሳልፋል፤ መልኩም አያምርም። ከበሩ በላይ በግድግዳው ላይ በሁለቱም ወገን ግሪል ያለው መተላለፊያ መሥራት፣ ወይም ከክፍሉ ኮርኒስ ወደ ኮሪደሩ ኮርኒስ የሚሻገር አጭር ተጣጣፊ ቱቦ መዘርጋት ይሻላል፤ ሁለተኛው መታጠፊያ ስላለው ድምፅን ይቀንሳል። እኔ በአብዛኛው የምሠራው ይህን ነው።

መሐንዲሱ በድጋሚ፦

በዚህ ላይ ከባለሙያው ትንሽ እለያለሁ። የኮርኒሱ መሻገሪያ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በእርስዎ ቤት የመመለሻው ግሪልም ጠቦ ያፏጫል። ስለዚህ ከሩቁ መኝታ ክፍል በቀጥታ ወደ መመለሻው ሣጥን የሚሄድ ሁለተኛ የመመለሻ ቱቦ ቢዘረጋ፣ በአንድ ሥራ ሁለቱም ችግሮች ይቃለላሉ፤ ክፍሉ መመለሻ ያገኛል፣ የኮሪደሩም ግሪል ጭነቱ ይቀንሳል። አዲሱ መመለሻ የራሱ ማጣሪያ ይኑረው ወይም ከዋናው ማጣሪያ በፊት ይገናኝ፤ ከማጣሪያው በኋላ ከተገናኘ ግን አቧራውን ራሳችን ጋበዝነው ማለት ነው። ቦታ ከሌለ የባለሙያው መሻገሪያ ይበቃል፤ በዚያ ጊዜ የኮሪደሩን ግሪል ብቻ ማስፋት ይኖርብዎታል።

የቱቦውን ዲያሜትር በሚመለከት፣ እኩል አየር ሲያልፍ በክብ ቱቦ ውስጥ የሚጠፋው ግፊት ከዲያሜትሩ አምስተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ከ20 ሳንቲሜትር ወደ 15 ሲጠብ አየሩ የሚያልፍበት አፍ ስፋት በካሬ ሲለካ በግማሽ ያህል ብቻ ቢቀንስም የግፊት ብክነቱ ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ለረጅም ቅርንጫፍ ማስፋት እጅግ ይረዳል። ቢሆንም ከማስፋትዎ በፊት ያለውን 15 ሳንቲሜትር ወጥረውና ከተጨፈለቀበት አውጥተው ይሞክሩት። ለመኝታ ክፍሉ የሚያስፈልገው በሰከንድ 47 ሊትር ገደማ ከሆነ፣ በደንብ በተወጠረ 15 ሳንቲሜትር ቱቦ ውስጥ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.7 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ይህም ተቀባይነት ያለውና ድምፅ የማያበዛ ነው። ክፍሉ ሰፊ መስኮት ወይም ፀሐይ የሚመታው ሁለት ግድግዳ ካለው ግን የሚፈልገው አየር ስለሚጨምር፣ ለየክፍሉ የሙቀት ጭነት ስሌት የሚሠራ ባለሙያ ያስፈልግዎታል። ይህን ስሌት ሳይሠራ ስለ ማሽን መጠን የሚናገር ሰው የሚገምት ሰው ነው።

ሁሉም ከተሠራ በኋላ ቅርብ ያሉት ክፍሎች አሁንም ከድርሻቸው በላይ የሚወስዱ ከሆነ፣ ቅርንጫፋቸው ከዋናው ቱቦ በሚነሣበት ቦታ ላይ በእጅ የሚስተካከል ዳምፐር (በቱቦው ውስጥ የአየሩን መጠን የሚወስን ክዳን) አስገጥመው ጥቂት ይቀንሱት። በክፍሉ ውስጥ ባለው መውጫ ላይ ከመቀነስ ይህ ይሻላል፤ ምክንያቱም ፉጨቱ ከጆሮ ይርቃል፤ ጠቅላላ ግፊቱም ጥቂት ብቻ ይነካል። እየለኩ በትንሽ በትንሹ ያስተካክሉ፤ የወሰኑትን ቦታ በቱቦው ላይ ምልክት ያድርጉበት።

ለባለሙያ የሚተወው ሁለት ልኬት ነው። አንደኛው ከፋኑ በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ሲሆን፣ ብዙ የቤት ማሽኖች የሚሠሩት ይህ ልዩነት 125 ፓስካል አካባቢ እንዲሆን ታስቦ ነው። ከዚያ በእጅጉ ከበለጠ ቱቦዎቹ ወይም ማጣሪያው እንደጠበቡ ያሳያል። ሁለተኛው መውጫዎቹን ሁሉ ሸፍኖ ሥርዓቱን በተለካ ፋን እስከ 25 ፓስካል በመንፋት የሚደረገው የማፍሰስ ፍተሻ ነው። ሁለቱም ከማሸጉ በፊትና በኋላ ቢደረጉ ሥራው ምን ያህል እንደጠቀመ በቁጥር ይታወቃል። እጅ የማይደርስባቸው፣ በግድግዳ ውስጥ የተቀበሩ ቱቦዎች ብዙ የሚያፈሱ ሆነው ከተገኙ፣ ማሸጊያውን በጉም መልክ ወደ ውስጥ ነፍቶ ቀዳዳዎቹን ከውስጥ የሚደፍን ዘዴ አለ።

የዳክት ባለሙያው፦

በሁለተኛው መመለሻ እስማማለሁ፤ ለእርስዎ ቤት ከእኔ ሐሳብ የተሻለ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቤቱ ያረጀና ከ1980 በፊት የተሠራ ከሆነ፣ በቱቦዎቹ መገጣጠሚያ ላይ የተለጠፈ ነጭ ወረቀት የመሰለ ጥቅል ካዩ አይንኩት፣ አይፋቁት፣ አይቅደዱትም፤ አስቤስቶስ የሚባለው፣ ብናኙ ሲተነፍሱት ለሳንባ አደገኛ የሆነ ማዕድን ሊሆን ይችላል። ናሙናው በላቦራቶሪ እስኪመረመር ድረስ ሥራው ይቁም። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ግን በፕሌነሙና በመመለሻው ሣጥን ይጀምሩ፤ ፋኑን ማጥፋትዎን አይርሱ፤ ማስቲኩም በአምራቹ መመሪያ መሠረት እስኪደርቅ ድረስ ማሽኑን አያብሩ። ከዚያ የተጨፈለቀውን ቱቦ አውጥተው ይወጥሩ፤ በማግስቱ የክፍሉን በር ከፍተውም ዘግተውም ሙቀቱን ይለኩና ውጤቱን እዚሁ ይጻፉልን። የመመለሻውን ቱቦ መጠን በዚያ ላይ ተመሥርተን እንወስናለን።